ግራዋ በጃምቦ

እኛ ዘንድ መድኃኒት የሚመሰገነው በጠጪው ፊት ነው። ጠጪው ዓይኑን ካልጨፈነ፣ ከንፈሩን ካላጣመመ፣ ሰውነቱን ሰቅጠጥ ካላደረገው መድኃኒቱ ከንቱ ነው፤ ገንዘብ ማስወጫ። ከክሊኒክ መርፌ ሳይወጋ የተመለሰ በሽተኛ ጠያቂዎቹ ፊት እንዴት እንደሚሸማቀቅ አይተናል። «ኪኒን ብቻ ሰጥተው ላኩኝ» ይላል አቀርቅሮ። ጠያቂዎቹ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፤ አንዷ ደግሞ የተሻለ ክሊኒክ ትጠቁመዋለች። የተሻለ ማለት የሚወጋ ማለት ነው። ለሕፃናት የሚታዘዘው ሮዝ መልክ ያለው ጣፋጭ ሽሮፕማ መድኃኒት መሆኑን ከልቧ የምታምን አያት እስካሁን አላጋጠመችኝም። «ይሄማ ለስላሳ ነው» ትልና ብልቃጡን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ወደ ጓሮ ትወጣለች።

ጓሮ ውስጥ ግራዋ አለ።

ግራዋ የከተማ ልጅም ቢሆን የሚያውቀው ቁጥቋጦ ነው። የአጥር ጥግ ይዞ ይበቅላል፤ ሲቆርጡት ብሶበት ያቆጠቁጣል፤ ቅርንጫፉን ሰክተው ቢተዉት ይጸድቃል። ኦሮምኛ ተናጋሪው ኢቢቻ ይለዋል። ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ጋናቸውን የሚያጥቡት በሱ ነው፤ ቅጠሉን ጨምድደው የጋኑን ሆድ ፈትገው ፈትገው ሲያበቁ በወይራ ያጥኑታል። የሰፈራችን የሕክምና ትምህርት በሙሉ ከዚህ ጋን የተቀዳ ነው። ጋን ያጸዳ ቅጠል የሰው ሆድ ማጽዳት ያቅተዋል? ለወባ ግራዋ፣ ለሆድ ትል ግራዋ፣ ለቁስል ግራዋ፤ ከብት ሲታመምም ለከብቱ ግራዋ።

በግቢያችን ያሉት እትዬ (ስማቸውን ብጽፍ ከነገ ጀምሮ ቡና አይጠሩኝም) የዚህ ትምህርት ሊቅ ናቸው። ለጋውን ቅጠል ማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ይቀነጥሳሉ። ያጥቡታል። ከዚያ ሙቀጫው ይወጣና ግቢው በሙሉ ዛሬ የሚታከም ሰው እንዳለ ይሰማል። ቅጠሉ ሲልም ጥቂት ውሃ ጠብ ያደርጉበትና በንጹሕ ነጠላ ጫፍ ይጨምቁታል። ከአንድ እቅፍ ቅጠል የሚገኘው ግማሽ ሲኒ የማይሞላ፣ አረንጓዴነቱ ወደ ጥቁር ያደላ፣ አናቱ ላይ አረፋ የቋጠረ ነገር ነው። ሽታው ብቻውን ይመርራል።

«ምንህን ነው ያመመህ?» አሉኝ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሲኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው።

«ምንም አላመመኝም እትዬ። ትንሽ ድካም ድካም ይለኛል እንጂ።»

«ጉበትህ ነው።»

«ጉበቴ?»

«ጉበት ሲሰንፍ ባለቤቱም ይሰንፋል። በል አፍንጫህን ይዘህ ጭልጥ አድርገው። እንዳታጣጥመው!»

ጭልጥ አደረግሁት። የመጀመሪያው ቅጽበት ምንም አይደለም፤ ቅጠል ቅጠል የሚል ውሃ ነው፤ እንዲያውም «ይህን ነው ይህን ያህል ያወሩለት?» ያሰኛል። ግራዋ ግን ተንኮለኛ ነው። ምላስ ጫፍ ላይ አይጣላም። ጉሮሮ ካለፈ በኋላ ነው ዞሮ የሚመጣው፤ ምላስ ሥር ይይዛል፣ ጆሮ ግንድ ድረስ ይዘልቃል፣ ዓይን ውስጥ ገብቶ እንባ ያወጣል። ከዚያ ወዲያ እስከ ምሳ ድረስ ውሃውም ግራዋ ነው፣ ዳቦውም ግራዋ ነው፣ የገዛ ምራቅህም ግራዋ ነው። እትዬ ፊቴን እንደ ራጅ ፊልም እያነበቡት ነበር።

«መረረህ?»

መልስ አልነበረኝም። እጄን አወዛወዝሁ።

«እሰይ! ሠርቷል።»

የጠጣሁት ገና ደረቴ ላይ ነው። ጉበቴ ይድረሰው አይድረሰው አይታወቅም፤ የፈውሱ የምስክር ወረቀት ግን ተፈርሞ ወጣ።

ችግር ያለው ከባለቤታቸው ከጋሼ ጋር ነው። የጋሼ ፊት አይለወጥም። ሲኒውን ይቀበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ጢማቸውን ይጠርጋሉ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ የጀመሩትን ይቀጥላሉ። እትዬ ይህን እንደ ንቀት ነው የሚቆጥሩት። «ቅጠሉ አርጅቶ ነው» ብለው በማግስቱ እጥፉን ይወቅጡላቸዋል። ጋሼ ያንንም ጠጥተው ወደ በርበሬ ዋጋ ይሻገራሉ። መድኃኒቱ ምንም ጥፋት የለበትም፣ በሽተኛውም ደህና ነው፤ የጎደለው የፊት መኮማተር ብቻ ነው፤ ለሱ ሲባል ጓሮው ሊራቆት ደረሰ።

ለጋሼ የሚመሰክር ሳይንስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1931 አርተር ፎክስ የተባለ በዱፖንት ኩባንያ የሚሠራ ኬሚስት ቤተ ሙከራው ውስጥ አንድ ዱቄት ሲገለብጥ ብናኙ ቦነነ። አጠገቡ የነበረው ባልደረባው አፌ መረረኝ ብሎ አማረረ። ፎክስ ይበልጥ ቀርቦ ቆሞ ነበር፤ እሱ ግን ምንም አልተሰማውም። ተከራከሩ፤ ሁለቱም ዱቄቱን ቀመሱት፤ ያኛው መረረው፣ ይህኛው አልመረረው። ነገሩ በዘር የሚወረስ መሆኑ ኋላ ታወቀ። ዛሬ ደግሞ ምላስ መራራን ብቻ የሚለይባቸው 25 ያህል ዓይነት ተቀባዮች እንዳሉት ይታወቃል፤ ለጣፋጭ አንድ ዓይነት የበቃው ምላስ ለመራራ ይህን ሁሉ ያሰለፈው ዕፅዋት በላተኛን የሚመልሱበት መርዝ አብዛኛው መራራ ስለሆነ ነው። የፎክስ ዱቄት ግራዋ አይደለም፤ ቢሆንም ጋሼ የራሳቸውን ምላስ ይዘው ተወልደው ይሆናል ስል ለእትዬ በትሕትና አስረዳሁ።

«ምላሱማ ደህና ነው» አሉኝ። «ጨው ስቀንስበት ወዲያው ነው የሚያውቀው።»

ግራዋን የምናውቀው ደግሞ እኛ ብቻ አይደለንም። ካሜሩን ውስጥ ከግራዋ ቅጠል የሚሠራው ንዶሌ፣ ኦቾሎኒ ተፈጭቶ ገብቶበት ሥጋ ወይም ሽሪምፕ ተጨምሮበት የአገሩ ኩራት ሆኖ ለእንግዳ የሚቀርብ ወጥ ነው። ናይጄሪያ ውስጥ ኢግቦዎች ኦኑግቡ ብለው ሾርባ ይሠሩበታል። እንዴት አድርገው ይበሉታል? ያጥቡታል። ቅጠሉን በጨው እያሹ፣ እየጨመቁ፣ ያ አረንጓዴ አረፋ እስኪጠፋ ድረስ ውሃ እየለዋወጡ ያጥቡታል፤ ትንሽ መረር ማለቷ ለጣዕም ስትቀር ወደ ድስቱ ይገባል። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ለረጅም ሰዓት ዝም አልሁ። ካሜሩናዊቷ ቅጠሉን ትበላለች፣ ጭማቂውን ትደፋለች። እትዬ ቅጠሉን ይደፋሉ፣ ጭማቂውን ያጠጡኛል። ከአንድ ቁጥቋጦ ሁለት አገር ተጠቅሟል፤ አንዱ ምሳውን በልቷል።

ማጠቡ አቅቶን አይደለም። ጎጃም ግብጦን የሚቆረጥመው ቀናት ሙሉ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ምሬቱን ካስለቀቀ በኋላ ነው። እህል ከሆነ ምሬቱን እናስለቅቃለን፤ መድኃኒት ከሆነ ግን ምሬቱን እንጂ ሌላውን አንፈልገውም።

መራራ መድኃኒትም ልክ እንዳለው የኔ ምስክር እንስሳ ናት። ታንዛኒያ ውስጥ ማሃሌ በሚባለው ተራራማ ፓርክ ቺምፓንዚዎችን የሚያጠናው ማይክል ሃፍማን እ.ኤ.አ. በ1987 ቻውሲኩ የተባለች እናት ቺምፓንዚ ይከታተል ነበር። አብሮት የነበረው ሞሃመዲ ሰይፉ ካሉንዴ የተባለ፣ ከቶንግዌ ሕዝብ የተወለደ ቅጠል አዋቂ ነው። ቻውሲኩ ታማለች፤ ልጇን እንኳ በቅጡ አትከታተልም፤ ትተኛለች፣ ትነሣለች፣ ተመልሳ ትተኛለች። በዚህ መሐል ወደ አንድ ቁጥቋጦ ሄዳ ቅርንጫፍ ሰበረች፤ ቅጠሉን አራገፈች፣ ልጡን ላጠች፣ የውስጡን እምብርት እያኘከች ጭማቂውን መጠጠች፣ ገለባውን ተፋች። ካሉንዴ ቁጥቋጦውን ያውቀዋል፤ በቶንግዌዎች ዘንድ ብርቱ መድኃኒት ነው። ግራዋ ነበር። በማግስቱ ቻውሲኩ ድና ወደ ምግቧ ተመለሰች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ ቺምፓንዚ ያንኑ ስትደግመው የትል እንቁላል ብዛት ከዓይነ ምድሯ ተቆጥሮ ነበር፤ ካኘከች በኋላ በአንድ ቀን ውስጥ በእጅጉ ቀነሰ።

ስለዚህ እትዬ መሠረታቸው አልተሳሳተም፤ ግራዋ ውስጥ የሆነ ኃይል አለ። እኔ ልብ ያልሁት ግን ሌላ ነገር ነው። ቻውሲኩ ቅጠሉን ጣለችው፤ ጎጂው ነገር ይበልጥ የሚበዛው ቅጠሉና ልጡ ላይ ነውና። የጠጣችው ስትታመም ነው። ስትድን ተወችው። ከዚያ በኋላ ማለዳ ማለዳ ለቆዳዋ ጥራት ስትጠጣ አልታየችም፤ ሌሎቹንም ቺምፓንዚዎች እየዞረች አልሰበከችም።

ልኩን ማወቅ የኛም ወግ ነበር። ከኮሶ የሚበልጥ ምስክር የለም። ኮሶ የሴቴዋ ዛፍ ቀይ አበባ ነው፤ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። እንቆቆም መተሬም ቀጨሞም ነበሩ፤ ንጉሡ ግን ኮሶ ነው። ምክንያቱም ጥሬ ሥጋ ነው፤ ቁርጡ ያስገባውን ትል ኮሶ ያስወጣዋል፣ ሆዱ ሲጸዳ ደግሞ ወደ ቁርጡ መመለስ ነው። ይህ ዙር በየሁለት ወሩ ገደማ ይዞር ነበር። አባይን ፍለጋ የመጣው ጄምስ ብሩስ በ1790 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፉ ዛፉን አሞግሶ፣ ሥዕሉን አስቀርጾ፣ በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ጠራው። ወዲያው ሌሎች ሳይንቲስቶች ያን ስም ትተው ሃገን በተባለ ጀርመናዊ የመድኃኒት አዋቂ ስም ሰየሙት። ባንክስም ሃገንም አንድ ጠዋት ጨልጠውት ቢሆን ኖሮ ክብሩ ይቅርብን ይሉ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

አያቴ ስለ ኮሶ ቀን ሲያወጉ ዓይናቸው ያበራ ነበር። ስለ ኮሶው አልነበረም። ስለ ቀኑ ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን አይታዘዝም። ሎሌ ለጌታው «ኮሶ ጠጥቻለሁ» ካለ ነገሩ አለቀ፤ ፈረስ ጫን የለም፣ መልእክት አድርስ የለም፤ የውጭ አገር ተጓዦች ሳይቀሩ ይህን ልማድ አይተው ጽፈውታል። ጠጪው ጋቢውን ተከናንቦ ግቢው ውስጥ ይንጎራደዳል። ሕፃናት እንዳይንጫጩ ይገሠጻሉ። ሊያስመልሰው ሲል ሎሚ ያሸታል። ሚስት፣ በሌላ ቀን የማታሰማውን በለሰለሰ ድምፅ፣ «አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረህ» ትላለች። ከሰዓት በኋላ፣ የሚወጣው ወጥቶ የሚታየው ከታየ በኋላ (ዝርዝሩን አያቴ ይናገሩት ነበር፣ እኔ አልናገረውም) ጠጪው እንኳን ደስ ያለህ ይባላል፤ ቀለል ያለ ምግብ ይቀርብለታል፤ ጎረቤት ይጠይቀዋል። በኔ ዕድሜ ለኪሎ ሜትሮች ሮጦ ሜዳልያ ያመጣ ካልሆነ በቀር እንዲህ የተከበረ ሰው አላየሁም።

ኮሶ ቀልድ አልነበረም። ሲበዛ ይመርዛል፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት በኮሶ መመረዝ ዓይን ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ለዚያ ነው ልኩን የሚያውቅ ሰው የሚለካው፣ ደካማና ነፍሰ ጡር የሚከለከለው። ቀኑም ልክ ነው። ጠዋት ይጀምራል፣ ማታ ያልቃል፤ ነገ ኮሶ የለም። ኋላ ፋርማሲው በኪኒን ተካው። ኪኒኑ ይሻላል፤ ጥያቄ የለውም፤ ተውጦ ወደ ሥራ ይኬዳል። የጠፋብን ግን ያ ዕረፍት ነው፣ ስለሱ ማንም አላለቀሰም።

ዛሬ መራራው ተመልሶ መጥቷል፤ በጁስ ቤት በኩል። ጁስ ቤት ድሮ የምናውቀው ቤት ነበር፤ አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው ከላይ፣ ቪምቶ ጠብ ተደርጎበት ሎሚ የሚጨመቅበት፣ በማንኪያ የሚበላ ስፕሪስ የሚሸጥበት። አሁን ከጎኑ አረንጓዴ ብርጭቆ ቆሟል። ጎመን፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ፣ የሽፈራው ዱቄት፤ ደፋሩ ጁስ ቤት ደግሞ ግራዋ ጣል ያደርግበታል። ሽፈራውን ኮንሶዎች ቅጠሉን ቀቅለው ከማሽላ ከሚሠራው ኩርኩፋ ጋር ይበሉታል፤ እራታቸው ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ ተፈጨ፣ ታሸገ፣ መድኃኒት ሆነ፣ ስለዚህም ከእራት ሰዓት ወጣ።

ቢሯችን ውስጥ አንድ ወጣት አለ፤ ጠርሙሱን ሳይዝ አይገባም።

«ዲቶክስ ነው ጋሼ» አለኝ። (ጋሼ መባል የጀመርሁት በዚሁ ቢሮ ነው፣ ገና አልለመድሁትም።)

«ምን ያደርጋል?»

«ቶክሲን ያስወጣል።»

«የትኛውን?»

«ሁሉንም ነዋ!»

ጉበትና ኩላሊት ያለ ደመወዝ ሌት ተቀን የሚሠሩት ይህንኑ ሥራ መሆኑን ልነግረው አሰብሁና ተውሁት፤ በአንድ ቢሮ ስንት ሠራተኛ ያለ ምስጋና እንደሚሠራ እሱም ያውቃል። «ስኳር ጣል ብታደርግበትስ?» አልሁት።

«ስኳር!» አለ ደንግጦ። «ስኳርኮ መርዝ ነው!» ይህን ሲል ማኪያቶው ውስጥ ሦስተኛውን ማንኪያ እያማሰለ ነበር።

መጠኑን ግን ተመልከቱልኝ። ያ ጠርሙስ አንድ ሊትር ይይዛል። ጁስ ቤቱም የሚቀዳው በትልቁ ብርጭቆ፣ በጃምቦ ነው። እትዬ ከአንድ እቅፍ ቅጠል የሚያገኙት ግማሽ ሲኒ ነበር፤ ለምን? ክንዳቸው ስለሚዝል። የግራዋን ልክ ለዘመናት የጠበቀው መጽሐፍም ሐኪምም አልነበረም፤ ሙቀጫው ነው። ማንም እናት አንድ ጃምቦ ግራዋ ለመሙላት ግማሽ ቀን አትወቅጥም፤ ብትወቅጥ ደግሞ በግማሹ «ይበቃዋል» ትላለች። የጁስ መፍጫው አይዝልም። ቁልፉን ሲጫኑት ጓሮውን በሙሉ በአንድ ደቂቃ ያደቅቃል። ዛሬ ለጉበታችን የሚያዝንለት የመብራት መጥፋት ብቻ ነው።

መራራን በብርጭቆ የሚቀዱት እኛ ብቻ አይደለንም። ጃፓኖች አኦጂሩ የሚሉት የቅጠል ጭማቂ አላቸው፤ የጎመን ዘመድ ከሆነ ቅጠል ነው በብዛት የሚጨመቀው። እ.ኤ.አ. በ1990 በቴሌቪዥን ያስተዋወቁት በፊልም ላይ ክፉ ሰው በመሆን የታወቀ ተዋናይ መርጠው ነው። ሰውዬው ብርጭቆውን ይጨልጣል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ከዚያ ጮክ ብሎ «አይጣፍጥም! አንድ ድገሙኝ!» ይላል። ገበያው ደራ። እትዬ ይህን ማስታወቂያ ቢያዩ ሰውዬውን ለአማችነት ይፈልጉት ነበር።

እዚህ ላይ ግን ቀልዱን ለጥቂት መስመሮች ላስቀምጠው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዴልሂ ውስጥ አንድ ሳይንቲስት ከባለቤታቸው ጋር ለጤና ሲሉ አዘውትረው የሚጠጡትን የቅል ጭማቂ ጠጡ። የዚያን ቀን ጭማቂው ከወትሮው በተለየ መርሮ ነበር። እሳቸው ሞቱ፤ ባለቤታቸው ታመው ተረፉ። የሕንድ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን ነገሩን መርምሮ ለሕዝቡ የሰጠው ምክር አጭር ነበር፤ ጭማቂው ከመረረ አትጠጡት። መራራ ቅል ውስጥ ያለው መርዝ በእሳትም በሎሚም የሚሻር አይደለም። ቅሉ ደግሞ ያው የኛ ቅል ነው፤ እርጎ የምንንጥበት፣ ውሃ የምንቀዳበት። እናቶቻችን አዲስ ቅል ውስጡ ተፍቆ፣ ተዘፍዝፎ፣ ደጋግሞ ታጥቦ ምሬቱ ሳይለቅ ወተት አይጨምሩበትም። ከቅል የመጣ ምሬት የሚደፋ፣ ከግራዋ የመጣ ምሬት የሚጠጣ መሆኑን ለይተው ያውቁ ነበር። በጃምቦ ውስጥ ግን ሁሉም አረንጓዴ ነው።

እኔ የግራዋ ጠላት አይደለሁም። የምጠይቀው ቀኑ እንዲመለስ ነው። መራራ መጠጣት ግዴታ ከሆነ፣ ከጋቢው፣ ከለሰለሰው ድምፅና ከጎረቤት ጥየቃው ጋር ይሁን። ይህን አስቤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ ገለጥሁ። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለ። ለጋብቻ 3 ቀን አለ። ሚስቱ ለወለደችለት አባት 3 ቀን አለ። ለኮሶ አንድም አንቀጽ የለም። አገር ሙሉ ለዘመናት ያከበረውን ፈቃድ ሕግ አርቃቂዎቹ ረስተውታል፤ ወይም ሲያረቁ ኪኒን ውጠው ነበር።

ቢሆንም የፈቃድ ፎርም ሞላሁ። «ምክንያት» በሚለው ክፍት ቦታ «የኮሶ ቀን» ብዬ ጻፍሁና የሰው ኃይል ክፍል ወዳሉት ወይዘሮ ይዤ ገባሁ። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አደረጉ።

«ኮሶ አለብህ?»

«የለብኝም። ቅዳሜ የምጠጣው ግራዋ ነው። ወደ ሥራ ቀን ላዛውረው ፈልጌ ነው።»

«የሐኪም ወረቀት አለህ?»

«ያዘዙልኝ እትዬ ናቸው። ማኅተም የላቸውም።»

ወይዘሮዋ በሩን አዩ። ማንም አልነበረም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፦ «ግራዋ ስኳር ያወርዳል ይላሉ። እውነት ነው?»

«አይጦች ላይ ሞክረው አውርዷል የሚሉ ጥናቶች አሉ። እርስዎ ግን ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ሁለቱ ተደርበው ከልክ በታች እንዳያወርዱት ሐኪምዎን ይጠይቁ።»

«ጠይቄው ነበር። አትንኪው አለኝ።» ትንሽ ዝም አሉ። «ይመራል?»

«በጣም።»

«በጣም?»

«ዓይን ያስለቅሳል።»

ፊታቸው ላይ የሆነ ተስፋ ሲበራ አየሁ። «በል ነገ ስትመጣ ጥቂት ቅጠል ይዘህልኝ ና። አልጠጣውም፤ ለማየት ያህል ነው» አሉኝ። ከዚያ እስክሪብቶ አንሥተው «የኮሶ ቀን» የሚለውን ሰረዙና ከላዩ «የግል ጉዳይ» ብለው ጻፉበት፤ ከዓመት ፈቃዴም አንድ ቀን ቀነሱ።